ከ«ወገን ድረስልኝ» ወዲያ

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የሕክምና ተማሪዎች ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን የእኛው ነው። ለምን እንደሆነ እስቲ አብረን እንየው።

ሁላችንም የምናውቀው አንድ ማስታወቂያ አለ። አንድ ወጣት ወይም አንዲት እናት በፎቶግራፍ ይታያሉ። ከሥር «ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራ አቁመዋል፤ ውጭ ሄጄ እንድታከም ወገን ድረስልኝ» ይላል። ከዚያ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይከተላል። አዲስ አበባ የሄደ ሰው ደግሞ ይህንኑ በድምፅ ማጉያ እየለመነ የሚዞር መኪና ሳይገጥመው አይመለስም። በቅርቡ ከዶርም ጓደኞቼ ጋር ይህን ስናነሳ ሁሉም ማስታወቂያውን በቃሉ ሊወጣው ምንም አልቀረውም። «ታዲያ ኩላሊት የሚተክል ሐኪም እዚህ አገር የለም እንዴ?» ብዬ ስጠይቅ ግን የብዙዎቹ መልስ «ኧረ የት አባቱ! ህንድ ነው እንጂ» የሚል ሆነ።

አለ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ጓደኞቼ ይህን ባለማወቃቸው አልፈርድባቸውም። ሬዲዮና ጋዜጣ ያልነገራቸውን ከየት ያምጡት? የሒሳብ ቁጥሩን የነገርናቸው እኛ ነን። ሐኪሙን ያልነገርናቸውም እኛው ነን። የዚህ ጽሑፍ አቋም ባጭሩ ይህ ነው፦ ስለ ኩላሊት የምንሠራው ዘገባ በእርዳታ ጥሪ ተጀምሮ በእርዳታ ጥሪ ማለቁ ሰው እየጎዳ ነው።

ማን ነው የሚተክለው?

በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2015) አዲስ አበባ በሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል ሥራ ጀመረ። ከዚያ በፊት የኩላሊት ንቅለ ተከላ የሚያስፈልገው ኢትዮጵያዊ ያለው አማራጭ ገንዘብ ካለው ባሕር መሻገር፣ ከሌለው ደግሞ እጥበቱን እየከፈለ እስከቻለ መቆየት ነበር። ማዕከሉ የተቋቋመው ኮሌጁ ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በነበረው ትብብር ነው። ትብብሩን ካገናኙት ሰዎች አንዷ በሚሺጋን ያስተማሩት ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሐኪም ዶ/ር ሰናይት ፍሥሐ ናቸው። ከሚሺጋን የንቅለ ተከላ ቀዶ ሐኪሙ ዶ/ር ጄፍሪ ፓንች እየተመላለሱ ከኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ጋር ሠርተዋል፤ አስተምረዋል። በጳውሎስ በኩል ደግሞ የኩላሊት ስፔሻሊስቷ ዶ/ር ሞሚና አህመድ ከጅምሩ ከፊት የነበሩ ባለሙያ ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። የውጭ ሐኪም መጥቶ አሥር ሰው አክሞ ፎቶ ተነስቶ ቢሄድ ለአሥሩ ሰዎች መልካም ነው፤ ለአገር ግን ምንም አይተርፍም። የጳውሎሱ ጅምር ዓላማ ግን ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ሥራውን ራሳቸው እንዲሠሩትና ለሚቀጥሉት እንዲያስተምሩት ነበር። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ውስጥም ከመቶ በላይ ሰዎች ኩላሊት ተተክሎላቸዋል። በኋላ በኮቪድ ወረርሽኝ ዘመን አገልግሎቱ ተቋርጦ ነበር። ሲቋረጥ ስንቶቻችን ሰማን? ሲጀመርስ «ተአምር» ብለን ጮኸን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደ በሩ አልተመለስንም።

ይህ እንዲህ ያለ ነገር በእኛ የመጀመሪያ አይደለም። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ሙያውን ለመማር እስከ ስኮትላንድ ኤዲንብራ መሄድ ነበረባቸው። ዛሬ ግን ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባም፣ ጎንደርም፣ ሌሎችም ቦታዎች ይሰጣል። ትናንት ውጭ ተሂዶ የሚለመን ዕውቀት ዛሬ እዚሁ ይማሩታል ማለት ነው። ንቅለ ተከላም በዚሁ መንገድ ላይ ነው ያለው፤ ገና ግን መጀመሪያው ላይ ነው።

ከመርፌና ክር እስከ ኩላሊት

አንድ ሰው የንቅለ ተከላ ቀዶ ሐኪም ለመሆን ምን ያህል ይማራል? ከስድስት እስከ ሰባት ዓመት ጠቅላላ ሐኪም ለመሆን፣ ከዚያ አራት ዓመት ያህል በቀዶ ሕክምና ስፔሻላይዝ ለማድረግ፣ ከዚያ ደግሞ በንቅለ ተከላ ብቻ ተጨማሪ ሥልጠና። በአሜሪካ ይህ የመጨረሻው ሥልጠና ብቻውን ሁለት ዓመት ይፈጃል። በመሐል በጠቅላላ ሐኪምነት የሚሠራበትን ጊዜ ስንጨምርበት፣ እኛ ዛሬ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሆነን የምናውቀው የዕድሜ እኩያችን የሕክምና ተማሪ ኩላሊት የሚተክለው ሠላሳዎቹን አጋምሶ ነው።

የሙያው አጀማመር ደግሞ ለእኛ ለወሎዎች የሚጥም ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ሊዮን ከተማ ውስጥ በጩቤ ተወጉ። የደም ሥራቸው ተቆርጦ ስለነበር ሐኪሞቹ ሊሰፉት አልቻሉም፤ ፕሬዚዳንቱ ሞቱ። በዚያ ከተማ ሕክምና ይማር የነበረው ወጣቱ አሌክሲስ ካሬል ግን ነገሩ ከነከነው። የደም ሥር ለምን አይሰፋም? ብሎ ከማን ሊማር ሄደ መሰላችሁ? ከአንዲት ጥልፍ ጠላፊ ሴት። በቀጭን መርፌና በሐር ክር መስፋት ከእሷ ተማረ። በ1912 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። ዛሬ ኩላሊት የሚተክል ሐኪም ሁሉ የሚጠቀምበት የደም ሥር አሰፋፍ መነሻው ይኸው ነው። እናቶቻችን የቀሚስ ጥበብ ሲጠልፉ ወይም ስፌት ሲሰፉ የሚያሳዩትን ትዕግሥት ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

ሁለተኛው ሰው ጆሴፍ መሪ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእሳት የተቃጠሉ ወታደሮችን ሲያክም ከሌላ ሰው የተወሰደ ቆዳ ለጥቂት ጊዜ ይይዝና ተመልሶ እንደሚረግፍ አየ። ሰውነት የራሱ ያልሆነውን ለምን ይጥላል? የሚለው ጥያቄ ሕይወቱን ያዘው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 1954 ቦስተን ውስጥ ከመንታ ወንድማማቾች የአንዱን፣ የሮናልድ ሄሪክን ኩላሊት ለወንድሙ ለሪቻርድ ተከለ። ፍጹም ተመሳሳይ መንቶች ስለነበሩ የሪቻርድ ሰውነት ኩላሊቱን አልጣለውም። ሪቻርድ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረ። መሪም በ1990 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

መንታ የሌለውስ? ለእሱ መፍትሔ የመጣው ከአፈር ነው። ከኖርዌይ ደጋ በተወሰደ አፈር ውስጥ ከተገኘ ሻጋታ ሳይክሎስፖሪን የሚባል መድኃኒት ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ ተፈቀደ። ይህና ከእሱ በኋላ የመጡት መድኃኒቶች ሰውነት እንግዳውን ኩላሊት እንዳይዋጋ ያደርጋሉ።

በቤታችን የሆነው

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። የተወለድኩት መካነ ሰላም አካባቢ፣ ቦረና ወረዳ ውስጥ ነው። ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ ክረምቱ ጭጋግ የሆነ ደጋ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ፣ የሁለት ልጆች አባት ነበር። እግሩ አበጠ፤ ፊቱ አበጠ፤ ምግብ አልዋጥ አለው። መጀመሪያ ጸበል ተባለ፤ ቀጥሎ ክኒን፤ በመጨረሻ በአቀስታ በኩል ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ። እዚያ «ኩላሊትህ ሥራ አቁሟል፣ እጥበት ጀምር» ተባለ።

የኩላሊት እጥበት ማለት ደምን ከሰውነት አውጥቶ በማሽን አጣርቶ መመለስ ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በያንዳንዱ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በእኛ አገር ብዙ ሰው ክፍያው ስለሚከብደው በሳምንት ሁለቴ ብቻ ያደርጋል። ከመካነ ሰላም ተራራ ተነስቶ ይህን ለማድረግ አዲስ አበባ ቤት መከራየት ግድ ነው። ሁለቱ በሬዎች ተሸጡ። ቀጥሎ መሬቱ ተከራየ። የሠፈሩ እድር፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ አዋጣ።

ከዚያ ኩላሊት የሚሰጥ ዘመድ ካለ መትከል ይቻላል የሚል ወሬ መጣ። እናቴ ሳትውል ሳታድር «እኔ እሰጣለሁ፤ የእናቴ ልጅ አይደለም ወይ?» አለች። ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። አያቴ አለቀሱ፤ «ሁለት ልጅ በአንድ ቀን ልቀብር ነው?» አሉ። አንዱ አጎት «አንድ ኩላሊት ያላት ሴት እንዴት ውኃ ትቀዳለች? እንዴት እንጨት ትሸከማለች?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው «ሰውነቷን ቆርሳ ብትሰጥ በወዲያኛው ዓለም ምን ልትሆን ነው?» አለ። አባቴ ዝም አለ። እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ የሚመልስ ሰው ፍለጋ ዙሪያውን ተመለከትኩ። ማንም አልነበረም። ስብሰባው «እስቲ እንሰንብት፣ እንየው» ተብሎ ተበተነ። አጎቴ በሦስተኛው ወር አረፈ።

እናቴ ብትሰጥ ኖሮ ይድን ነበር አልልም። ምርመራው ላይስማማ ይችል ነበር። ግን እነዚያ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ያላቸው ጥያቄዎች ነበሩ። እቤታችን ያለው ሬዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ ይናገራል። ስለ ኩላሊት ሲናገር የሰማነው ግን የሒሳብ ቁጥር ብቻ ነው።

መልሶቹ

ጤነኛ ሆኖ በደንብ የተመረመረ ሰው በአንድ ኩላሊት ይኖራል፤ ይሠራል። ሮናልድ ሄሪክ ኩላሊቱን ለወንድሙ ከሰጠ በኋላ የሒሳብ መምህር ሆኖ ሠርቷል፤ ከልገሳው በኋላ 56 ዓመት ኖሮ በ79 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው የሞተው። ይህ ማለት ግን አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ቀዶ ሕክምና ምንጊዜም አደጋ አለው፤ ለጋሹ ከዚያ በኋላ የደም ግፊቱንና ኩላሊቱን ዕድሜ ልኩን መከታተል አለበት። የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ አይፈቀድለትም። በጳውሎስ የተጀመረው ልገሳ በሕይወት ካለ ዘመድ ነው፤ በአገራችን ሕግ የሰው አካል አይሸጥም አይለወጥም።

ቋንቋውም ራሱ ያሳስተናል። ሕዝቡ «ኩላሊት አስቀየረ» ይላል፤ ጎማ ወይም የመኪና መለዋወጫ ይመስል። እውነቱ ግን አሮጌዎቹ ኩላሊቶች አብዛኛውን ጊዜ አይወጡም። አዲሱ ከሆድ በታች በኩል በአንድ ጎን ይቀመጥና ወደ እግር ከሚሄዱት ደም ሥሮች ጋር ይሰፋል፤ የሽንት ቱቦውም ከፊኛ ጋር ይያያዛል። ሐኪሙ የደም ሥሩን መቆንጠጫ ሲለቅ ገርጥቶ የነበረው ኩላሊት ወዲያው ይቀላል፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሽንት ማመንጨት ይጀምራል።

«ንቅለ ተከላ» የሚለው ቃል ግን ትክክለኛ ቃል ነው። ገበሬ ይገባዋል። ችግኝ ከመደቡ ነቅለህ ስትተክል ሥሩ እንዳይደርቅ ትቸኩላለህ፤ ከተከልክ በኋላም እስኪይዝ ውኃ ታጠጣዋለህ፤ ከብት እንዳይበላው ታጥረዋለህ። ኩላሊትም እንደዚያው ነው። በቅዝቃዜ ይቆያል፤ በጥድፊያ ይተከላል፤ ከዚያ ተቀባዩ መድኃኒቱን በየቀኑ፣ ኩላሊቱ እስከሠራ ድረስ ይወስዳል። አንድ ሳምንት ቢያቋርጥ ኩላሊቱን ሊያጣው ይችላል። ለአያቴ እንዲህ ብሎ የሚያስረዳቸው ቢኖር ይገባቸው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ዕድሜ ልካቸውን ጎመን ችግኝ ያዛወሩ ሰው ናቸው።

«ቅንጦት ነው» ለሚሉ

ይህን ሐሳብ ለክፍል ጓደኞቼ ሳጫውት አንዱ «አንተ ሰውዬ፣ እናቶች በወሊድ በሚሞቱበት ገጠር ስለ ንቅለ ተከላ ማውራት ቅንጦት አይደለም?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ከመካነ ሰላም ነው የመጣሁት፤ የሚጎድለውን አውቃለሁ። ለአንድ ገጠር አምቡላንስና አዋላጅ ይቀድማል ቢባል አልከራከርም።

ሁለት ነገር ግን ልበል። አንደኛ፣ እውነተኛ የንቅለ ተከላ ዘገባ ከቀዶ ጥገና ክፍሉ አይጀምርም፤ ኩላሊት እንዳይበላሽ ከማድረግ ነው የሚጀምረው። ኩላሊትን ከሚያበላሹት ዋነኞቹ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ናቸው። ሁለቱም ለዓመታት ሳይታወቁ ይቀመጣሉ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንደ ቆሎ የሚቃሙት የሕመም ማስታገሻዎችም ኩላሊት ይጎዳሉ። ግፊት መለካት በጤና ጣቢያ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። የአጎቴ ግፊት ከመታመሙ በፊት አንድም ቀን ተለክቶ አያውቅም። ስለ ንቅለ ተከላ የሚጽፍ ሰው ይህን ሳያነሳ ሊያልፍ አይችልም።

ሁለተኛ፣ ኩላሊት መትከል የቻለ ሆስፒታል ኩላሊት ብቻ አይደለም የሚያተርፈው። የደም ሥር መስፋት የሚችል ሐኪም፣ የሠለጠነ ነርስ፣ ሰመመን ሰጪ፣ ላቦራቶሪ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ያስፈልገዋል። እነዚህ በመኪና አደጋ ለሚመጣውም፣ በወሊድ ለምትደማዋም ያገለግላሉ። ደግሞም እጥበት ማለቂያ የለውም፤ በየሳምንቱ ይከፈላል። የተሳካ ንቅለ ተከላ ግን ከጊዜ በኋላ ለቤተሰቡም ለአገሩም ይቀላል፤ ሰውየውንም ወደ እርሻው ይመልሰዋል።

የሙያው ተስፋና የእኛ ድርሻ

በዓለም ዙሪያ የንቅለ ተከላ ሐኪሞች ትልቁ ተስፋ ከሞተ ሰው በፈቃድ የሚገኝ ልገሳ ነው። ይህን ሐኪም ብቻውን አያመጣውም። የቤተሰብ ፈቃድ፣ የሃይማኖት አባቶች ቃል፣ የሕዝብ እምነት ይፈልጋል። «አበሻ አይቀበለውም» የሚሉ አሉ። የዓይን ባንክን ግን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ሲቋቋም፣ ሰው ከሞተ በኋላ የዓይን ብሌኑን እንዲለግስ መጠየቅ ነውር የሚመስል ነገር ነበር። በጊዜው ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በአደባባይ ቃል ገቡ። ከዚያ ወዲህ በለገሱ ሰዎች ብሌን ብዙ ዓይነ ስውር ብርሃን አይቷል። ስለዚህ ሕዝባችን ሲነገረው ይሰማል። በወሎ ደግሞ ቄሱና ሼኩ በአንድ እድር፣ በአንድ ለቅሶ ቤት ይቀመጣሉ። እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚመከርበት ቦታ ለመፍጠር ሌላ አዳራሽ መሥራት አያስፈልገንም።

የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? በመጀመሪያ ከታሪክ እንማር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1967 ክርስቲያን ባርናርድ ኬፕ ታውን ውስጥ የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ ሲያደርግ የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ ወደ አፍሪካ ጎረፈ። ሐኪሙ በአንድ ሌሊት ዝነኛ ሆነ። ታማሚው ሉዊስ ዋሽካንስኪ ግን ከ18 ቀን በኋላ በሳንባ ምች ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ብዙ ሆስፒታሎች ለዝናው ተሽቀዳደሙ፤ አብዛኞቹ ታማሚዎች ብዙ ሳይቆዩ ስለሞቱ አብዛኞቹ ሆስፒታሎች ሥራውን ተዉት። ጭብጨባ ብቻውን ሳይንስ አያሳድግም፤ በሽተኛም አያድንም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። «ወገን ድረስልኝ» ይቅር አልልም፤ ሰው እየሞተ ዝም በሉ የሚል ጋዜጠኛ የለም። ነገር ግን አንድ የእርዳታ ጥሪ ስናሰማ አራት ነገር አብረን እንሥራ። አንደኛ፣ ጥሪው እውነተኛ መሆኑን ከሐኪም ማስረጃና ከቤተሰብ እናጣራ፤ በበሽተኛ ስም የሚለምን አጭበርባሪ ስላለ። ሁለተኛ፣ ሕክምናው እዚህ አገር መኖር አለመኖሩን ጠይቀን እንንገር። ሦስተኛ፣ ስለ ልገሳና ስለ ደም ግፊት ለአድማጩ የሚገባ አንድ ቁም ነገር እንጨምር። አራተኛ፣ ከዓመት በኋላ ተመልሰን «ያ ሰው ምን ደረሰ?» እንበል። አራተኛውን ማንም ሲሠራው አላየሁም፤ እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ለመምህሮቻችንም ጥያቄ አለኝ። በዜና አጻጻፍ ኮርሳችን የስፖርትና የፖለቲካ ዜና ደጋግመን ጽፈናል። አንድ የጤና ዘገባ ለምን አንጽፍም? የአካባቢውን ሐኪምና ነርስ በእንግድነት ጋብዘን ለምን አናፋጥጥም? ቢያንስ ይህች ቡለቲን በየእትሟ አንድ ገጽ ብትሰጥ፣ ከየወረዳችን ይዘናቸው የመጣናቸውን ጥያቄዎች ለባለሙያ አቅርበን መልሱን እናትማለን። ከሰይንትም፣ ከወግዲም፣ ከከላላም፣ ከለጋምቦም የመጣ ተማሪ መካከላችን አለ። ሁላችንም ቤት አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ አይጠፋም።

የእኔን ሦስት ጥያቄዎች ከላይ አስፍሬያለሁ። ለሁለቱ መልስ አግኝቻለሁ። «በወዲያኛው ዓለም ምን ልትሆን ነው?» የሚለውን ግን ሐኪምም ጋዜጠኛም አይመልሰውም። ለቀጣዩ እትም አንድ ቄስና አንድ ሼክ ፊት ይዤው እቀርባለሁ። አብሮኝ መምጣት የሚፈልግ ካለ መቅረጸ ድምፅ ይዞ ይምጣ።

ቸር ይግጠመን።

የ2ኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ